ሊኑክስ ላይ ድምፅ ሲያስቸግር ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሊኑክስ የጫኑ ልጆች «ድምፁ ሞተብኝ» ብለው ሲመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። ወይ የተዘጋ ነገር አለ፣ ወይ የተኛ ነገር አለ። ሁለቱን ሳይለዩ የሚደረገው መፍጨርጨር ነው ጉዳት የሚያመጣው።

ድምፅ ጠፋ ብሎ ፎርማት ማድረግ

ይኼኛው ያንገበግበኛል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይገለብጥ ፎርማት ያስደርጋል። ኡቡንቱ እንደገና ይጫናል፣ ድምፁ ግን አሁንም የለም። ጽሑፉም ሄደ፣ ድምፁም አልመጣ! እባካችሁ፣ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና አልሳሚክሰር የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ አስነሱ። የተደረደሩ ዓምዶች ታያላችሁ። ማስተር፣ ስፒከር፣ ሄድፎን፣ ፒሲኤም የሚሉ ናቸው። ከየዓምዱ ሥር ትንሽ ሳጥን አለች። ሁለት የኤም ፊደል ከተጻፈባት ያ መስመር ሚውት ሆኗል፣ ማለትም ድምፁ ተዘግቷል፤ ሁለት ኦ ከሆነ ክፍት ነው። በቀስት ወደ ዓምዱ ሂዱና የኤም ቁልፍን አንዴ ንኩ። በቃ።

ሰው የሚሳሳተው ማስተር 100 መሆኑን አይቶ «ሁሉም ክፍት ነው» ስለሚል ነው። የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዋናው በር ወለል ብሎ ቢከፈትም ማሳው አጠገብ ያለው ከተዘጋ ውኃ አይደርስም። ማስተር ሙሉ ሆኖ ስፒከር ዜሮ ላይ ከተቀመጠ ምንም አትሰሙም።

አንድ ዓምድ ብቻ አይቶ መመለስ

አልሳሚክሰር ሲከፈት ማስተር ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ፣ እያያችሁት ያላችሁት እውነተኛውን የድምፅ ካርድ አይደለም። በፕሮግራሞቹና በካርዱ መካከል ሆነው ድምፁን የሚያስተላልፉት ፐልስኦዲዮ ወይም ፓይፕዋየር ከላይ ሆነው የሚያሳዩት ነው። ኤፍ6 ተጫኑና ካርዱን በስሙ ምረጡ። እዚያው ዝርዝር ላይ ኤችዲኤምአይ የሚል ካርድ ሊኖር ይችላል። እሱ ድምፁን ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ ነው፤ የላፕቶፑን ስፒከር ከእሱ አትጠብቁ።

ካርዱ ሲተኛ ቀረጻው ተበላሸ ማለት

ብዙ ልፋት ሲባክን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት የመምህሩን ቅኔ ከድሮ ካሴት ወደ ላፕቶፕ ይገለብጥ ነበር። መልሶ ሲሰማው የመጀመሪያዋ ቃል የለችም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ከሁለት ቤት ላይ መነሻዋ ከተቆረጠች ምን ይቀራል? ልጁ ካሴቱን እየመለሰ ደጋግሞ ቀዳ። ያ ያረጀ ካሴት በተጠነጠነ ቁጥር ይጎዳል። እኔ ጋ ሲመጣ ፋይሉን ወደ ስልኬ ገልብጬ አሰማሁት። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ሙሉ ነው። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት የኢንቴል ኤችዲኤ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ፓወር ሴቭ የሚባል ቅንብር አለው። ቁጥሩ ሰከንድ ነው። 1 ከሆነ፣ ካርዱ ለአንድ ሰከንድ ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ይተኛል። ድምፅ ስታጫውቱ እስኪነቃ ድረስ መነሻው ይዋጣል። ወይም ሲተኛና ሲነቃ «ጧ» የሚል ድምፅ ያወጣል። 0 ማለት አትተኛ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ዜሮን «ወዲያው ተኛ» ብሎ ይረዳዋል፤ ተቃራኒው ነው። ይህ የ«ጧ» ድምፅ የታወቀ ችግር ስለሆነ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ይህ ቁጠባ የማይስማማቸውን ማሽኖች ዝርዝር ይዟል። የእናንተ ላፕቶፕ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ።

«መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ስፒከሩ ጧ ጧ የሚለው» የሚሉኝም አሉ። ስፒከሩ አልተቃጠለም። ቲኤልፒ የሚባለውን ባትሪ ቆጣቢ ጭነዋል። ቆየት ያሉት የቲኤልፒ ስሪቶች ሶኬት ላይ ሲሆን የድምፅ ቁጠባውን ያጠፋሉ፣ ባትሪ ላይ ሲሆን ያበራሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ካርዱም መተኛት ይጀምራል። አዲስ ስፒከር ገዝቶ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ገንዘቡ አሳዘነኝ።

ቁጥሩን አንዴ ቀይሮ ተስተካከለ ብሎ መተው

ሲስ በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ፓወር ሴቭ ላይ 0 ብትጽፉ ኮምፒውተሩ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ይሠራል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኢቲሲ በሚባለው የቅንብር ፎልደር ውስጥ፣ ሞድፕሮብ ዲ በሚባለው ፎልደር ይህንኑ ቅንብር የያዘ ፋይል ለድራይቨሩ ጻፉለት። ቲኤልፒ ካላችሁ ግን ይህም አይበቃም፤ እሱ በላዩ ላይ መልሶ ይጽፍበታል። ስለዚህ የቲኤልፒን ቅንብር ክፈቱና የባትሪውንም የሶኬቱንም የድምፅ ቁጠባ መስመር 0 አድርጉ። ያን ሁሉ አድርጋችሁ የ«ጧ» ድምፁ ካልለቀቃችሁ ከፓይፕዋየር ጋር የሚሠራውን ዋየርፕለምበርን ተመልከቱ። እሱም ድምፅ ማውጫውን ከ5 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ያስተኛዋል።

ባትሪዬ ያልቃል ብላችሁ አትስጉ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ብታደርጉ ከዚህ የበለጠ ታተርፋላችሁ።

የተስተካከለውን ሳያስቀምጡ መተው

ሊኑክስ የሚክሰሩን ሁኔታ የሚያስቀምጠው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ዴስክቶፕ ሆኖ መብራት ድንገት ድርግም ካለ ግን ያስተካከላችሁት ላይቀመጥ ይችላል። አስተካክላችሁ እንደጨረሳችሁ ተርሚናል ላይ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) አልሳክትል ስቶር የሚለውን ትእዛዝ ስጡት።

ማይክ ቡስትን እስከ ጣሪያ መስቀል

መጀመሪያ አልሳሚክሰር ውስጥ ኤፍ4 ተጭናችሁ ካፕቸርን (የቀረጻውን መጠን) ከፍ አድርጉ። ቡስት፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ተጨማሪ የሚያጎላው፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የምትቀዱትን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የክፍሉን ሹክሹክታና የማራገቢያውን ድምፅም ያጎላዋል። የመሰንቆ ቀረጻ እያመጡ «ለምን ይሻክራል?» የሚሉኝ ልጆች ቡስቱ 30 ዴሲቤል ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ወደ 10 አውርዱት፣ ማይኩን ወደ መሰንቆው አስጠጉት።

ሄድፎን ሳይሰካ ስፒከሩ ዝም ካለ ደግሞ የሄድፎኑን ቀዳዳ እዩ። በበጋው አቧራ ይሞላና ካርዱ ሄድፎን የተሰካ ይመስለዋል። አጽዱት። ካልሆነ አልሳሚክሰር ውስጥ ኦቶ ሚውት ሞድ (ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩን በራሱ የሚዘጋው) የሚለውን አጥፉት።