የልብ ሞኒተር ኤሌክትሮድ እንዴት ይለጠፋል?

ሞኒተሩ ሌሊቱን ሙሉ ያለምክንያት የሚጮህ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ አይደለም። ላብ ወይም ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ተቸኩሎ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ የሚቀበለው ተለጣፊ ነው። ስለዚህ ከገመዱ በፊት ቆዳው ይቅደም። እዚህ የምናየው ባለ አምስት ገመዱን ነው።

1. እጅዎን ይታጠቡ፣ ታካሚው ማን እንደሆነ ያረጋግጡ፣ የሚያደርጉትን ይንገሩት። ፕላስተር ቆዳውን ያሳክከው እንደሆነ፣ ከቆዳው ሥር ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ) ተቀብሮለት እንደሆነም ይጠይቁ። ፔስሜከሩ ላይ አይለጠፍም።

2. ጸጉር ካለ በመቀስ ወይም በመቁረጫ ማሽን ያሳጥሩት። ምላጭ ይቅር፤ ዓይን የማያያቸው ቁስሎች ትቶ ይሄዳል። ቦታውን በሳሙናና በውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ብዙዎቻችን እጃችን የሚቀናው ወደ አልኮል ነው፤ አልኮል ግን ቆዳን ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ምልክቱን እንደልብ አያሳልፍም። ከዚያ በደረቅ ጎዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው ያሹት፤ የሞተው የላይኛው ሽፋን ይነሳል። ቆዳቸው የሳሳ አረጋውያንንና ጨቅላዎችን ግን አያሹ።

3. የማሸጊያውን ቀን ይዩ፣ ጄሉ እርጥብ መሆኑንም ያረጋግጡ። ተከፍቶ የከረመ ከረጢት ውስጥ ያለው ይደርቃል። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በመመዝገብ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 ኖቤል የተሸለመው አይንትሆቨን በዘመኑ የሰዎችን እጅና እግር ጨዋማ ውኃ ውስጥ ያስነክር ነበር፤ ዛሬ ምልክቱን ከቆዳው ወደ ገመዱ የምታሳልፈው ይህች ጠብታ ጄል ናት። ገመዱን መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ ላይ ቀጭ አድርገው ያስገቡ፣ ከዚያ ይለጥፉ። ከተለጠፈ በኋላ ማስገባት የታመመ ደረት ላይ መጫን ነው። ሲለጥፉም ዙሪያውን እንጂ መሐሉን አይጫኑ፤ ጄሉ ወደ ጎን ይፈሳል።

4. ሁለቱ ከቀኝና ከግራ፣ ከአንገት ሥር ካለው ተጋዳሚ አጥንት በታች፣ ወደ ትከሻው ተጠግተው ይውላሉ፤ ሁለቱ ከጎድን አጥንት የታችኛው ጠርዝ አካባቢ፣ በቀኝና በግራ። ቀለሙን በቃል የሸመደደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በአሜሪካው ሥርዓት ነጩ የቀኝ ትከሻ፣ ቀዩ የግራ ታችኛው ነው፤ በአውሮፓው ነጩ የደረት፣ ቀዩ የቀኝ ትከሻ። ጫፉ ላይ የታተመውን ፊደል ያንብቡ።

አምስተኛው የደረት ነው። ጣትዎን ከጉሮሮው ጎድጓዳ ቁልቁል በደረት አጥንቱ ላይ ሲያንሸራትቱ ጉብ ያለ ቦታ ያገኛሉ። ከጎኑ ያለው ሁለተኛው ጎድን ነው፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም ሁለተኛው ክፍተት። ሁለት ክፍተት ወርደው አራተኛው ላይ፣ ከደረት አጥንቱ በስተቀኝ ጠርዝ ይለጥፉ።

ልብ በድንገት ቢቆም የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጫው የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ባዶ ይተዉ፦ ከቀኝ ደረት በላይኛው በኩል፣ ከግራ ብብት ሥር።

5. ስክሪኑን ሲያዩ ታካሚውንም ይዩ። ጥርሱን እየፋቀ ያለ ሰው እጅ እንቅስቃሴ አደገኛ የልብ ምት መዛባት መስሎ ሊታይ ይችላል። መስመሩ ቀጥ ቢል ግን «ገመድ ነው» ብለው አይለፉ፤ ሰውየው ይመልስልዎታል? ይተነፍሳል? እሱ ደህና ከሆነ ገመዱን ይፈትሹ።

6. በየቀኑ ይቀይሩ፣ ቦታውንም ትንሽ እልፍ ያድርጉት። ሲያነሱ በአንድ እጅ ቆዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይላጡ። ታካሚው ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ የምርመራ ማሽን) የሚገባ ከሆነ፣ ለዚያ ተብለው የተሠሩ ካልሆኑ በቀር ኤሌክትሮዶቹ ሁሉ ይነሱ፤ ቆዳ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ገመዱን ነቅሎ ኤሌክትሮዱን ደረት ላይ መርሳት ቀላል ነውና፣ ከጋውኑ ሥር ገልጠው አንድ ሁለት ብለው አምስቱንም ይቁጠሩ።