ቁልፉ ስብሰባ ሄዷል፦ ለአዲስ የባህል ተቋም ኃላፊዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በባህል ሥራ ላይ ስኖር ብዙ ኃላፊ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። ሁሉም «ሕዝቡ ባህሉን ረስቷል» ይላሉ። አልረሳም፤ መጥቶ በሩ ተዘግቶ አግኝቶት ነው የተመለሰው።

ከቁልፉ ልጀምር፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። ዕለቱ ሰኞ ነው፤ ገጠሩ ለገበያ ደሴ ገብቷል። አንድ አባት በጋቸውን ሸጠው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው እኔ ከምሠራበት ሙዚየም ደጃፍ ቆሙ። ዘበኛው «ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ሄዷል፤ ከሰዓት ይምጡ» አላቸው። ከሰዓት እሳቸው የአገራቸውን መንገድ ይዘዋል! የስብሰባው አጀንዳ ደግሞ የጎብኚ ቁጥር ማሳደግ ነበር። በምሳ ሰዓት ዝግ፣ እሑድ ዝግ፣ በበዓል ዝግ። ሰው ሥራ ላይ ሲሆን የሚከፈት፣ ሲያርፍ የሚዘጋ ቤት ለማን ነው? ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጹ። ሠራተኛውን በፈረቃ መድቡ፤ እሑድ የገባ ማክሰኞ ይረፍ። ይህ የበጀት ጥያቄ አይደለም።

ቀጣዩን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ የዕቃ መግለጫ ቢሮ ተቀምጦ መጻፍ። አንዱን ጠቆር ያለ ቅል «የውሃ መያዣ» ብዬ ለጥፌበት ነበር። አንዲት እናት አፉን አሸተት አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ነክቶት አያውቅም። የወይራው ጢስ አይሸትህም? መናጫ ነው እኮ» አሉኝ። ማፈሬን አይተው «አብሽር፣ ንጠህ አታውቅ ከየት ታውቀዋለህ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እናቶችን ሳልጠይቅ አልለጥፍም።

መዝገብና ፎቶ፦ ቅርስ እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ስንት ዓመቱ! በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻም። ዕቃውን ሁሉ መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፤ ቅጂው ሌላ ከተማ ይቀመጥ።

የኪነት ቡድኑን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ አስይዞ ማቆምም ይብቃ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ የወሎ የቦታ ስም ናቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ማሲንቆ ልማር ቢል ግን የት ይሂድ? ማሲንቆ መቺያችሁ በሳምንት ሁለት ማታ ያስተምር፤ አበሉንም ክፈሉት።

«ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋዶ የሚኖርባት ወሎ» የማይል ንግግር የለም። ኮሚቴ ሲዋቀር ግን መንዙማ አዋቂው ሼህም ቅኔ አዋቂው መሪጌታም የሉበትም። የሚጠሩት ለምርቃት ነው።

ወንበርም አለ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ግብር ስለሚበላበት ነው ይባላል። እኛ ደግሞ የፊቱን ሦስት ረድፍ «ለክቡራን እንግዶች» ብለን እናጥራለን። እንግዶቹ ይዘገያሉ፤ ሕዝቡ ከኋላ ቆሞ ባዶ ወንበር ያያል። አንድ ጊዜ ግንቦት 10፣ በሙዚየሞች ቀን፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ላጥኳቸው። የፊቱን ረድፍ ሊስትሮዎች ከነሳጥናቸው ሞሉት። ኃላፊው ዘግይቶ ደረሰ፤ ዙሪያውን አየና ከአንዱ ልጅ ጎን ተቀመጠ፤ ምን ያድርግ።