ሪቨርስ ወይስ ፍሬን፦ ካረፉ በኋላ የማቆሙን ሥራ እንዴት እንደሚያከፋፍሉ

የአየር መንገድ አብራሪዎች በተገናኙ ቁጥር ከሚያነሷቸው ክርክሮች አንዱ፣ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በዋናነት የሞተሩ ተቃራኒ ግፊት ማለትም ሪቨርሱ ይሁን ወይስ የጎማ ፍሬኑ የሚለው ነው። አንደኛው ወገን የፍሬን ዲስክ ከሞተር ስለሚረክስ ሪቨርስ በአይድል፣ ማለትም በሞተሩ ዝቅተኛ ኃይል፣ ይበቃል ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ ያለው መሣሪያ ሁሉ ሥራ ላይ መዋል አለበት ባይ ነው። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ነገሩ የሚፈታው ግን በወጪ ስሌት ብቻ ሳይሆን በዕለቱ በሚታረፍበት ማኮብኮቢያ ሁኔታ ነው። ቀጥሎ የቀረበው ይህን ውሳኔ እንዴት መወሰን እንደሚቻል ነው፤ የአውሮፕላንዎ መመሪያና የድርጅትዎ ደንብ ግን ምንጊዜም ይቀድማል።

ከሁሉ በፊት አውሮፕላንዎ የተገጠመለት ፍሬን የብረት ይሁን የካርቦን ይወቁ፤ የሁለቱ አላለቅ ፈጽሞ የተለያየ ነውና። የብረት ፍሬን የሚያልቀው በተሸከመው ጉልበት ልክ ስለሆነ፣ ሪቨርስ በበዛ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል፤ በታክሲ ማለትም አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚነዳበት ጊዜም ነካ ነካ ማድረጉ ብዙም አይጎዳውም። የካርቦን ፍሬን የሚበላው ግን በዋናነት በተያዘበት ጊዜ ብዛት ነው። ከማረፍ እስከ ታክሲ ፍጥነት ድረስ ሳይለቀቅ የተያዘ ፍሬን፣ የተሸከመው ጉልበት ቢበዛም ቢያንስም፣ አንድ ጊዜ እንደተያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ «ፍሬን ለመቆጠብ ሙሉ ሪቨርስ» የሚለው አባባል ከብረት ፍሬን ዘመን የተወረሰ ነው፤ ካርቦን በተገጠመለት አውሮፕላን ላይ የሚያተርፈው ዲስክ እጅግ ጥቂት ነው።

ካርቦን የሚቆጠበው በታክሲ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በቀጥተኛ መንገድ ላይ እስከ 30 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ድረስ ፍጥነት እንዲያገኝ ይተዉት፤ ከዚያ በአንድ ለስላሳ ግን ጠንካራ አያያዝ ወደ 10 ኖት ያውርዱትና ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ፍጥነቱን በአንድ መጠን ለመያዝ በየአፍታው ፔዳሉን መርገጥ፣ በተለይም ጠዋት ፍሬኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ዲስኩን በከንቱ ይፈጃል። ከበረራ በፊት በሚደረገው የዙሪያ ፍተሻ ወደ ዋናው ጎማ ጎንበስ ብለው፣ ፓርኪንግ ብሬክ ተይዞ ሳለ፣ ከፍሬኑ አካል ብቅ ያለችውን ትንሽ የብረት ዘንግ ይመልከቱ። አዲስ ፍሬን ላይ ረዘም ብላ ትታያለች፤ ዲስኩ እየተበላ ሲሄድ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ከመያዣዋ ጠርዝ ጋር እኩል ስትሆን ፍሬኑ መለወጫው ደርሷል። ስለ ፍሬን ቁጠባ ብዙ የሚከራከር አብራሪ ይህችን ዘንግ በየዕለቱ ቢያይ፣ ክርክሩ ከግምት ወደ መረጃ ይሸጋገራል።

ቀጥሎ መረዳት የሚያስፈልገው የኦቶብሬክን፣ ማለትም ካረፉ በኋላ ፍሬኑን በራሱ የሚይዘውን ሥርዓት፣ አሠራር ነው። ኦቶብሬክ የሚጠብቀው አንድን የፍጥነት መቀነሻ መጠን እንጂ የፍሬን ግፊትን አይደለም። በደረቅ ማኮብኮቢያ ላይ መካከለኛ ደረጃ መርጠው ሙሉ ሪቨርስ ቢጨምሩ፣ ሥርዓቱ የፍሬኑን ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ የሚቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ የሚለየው የፍሬኑ ሙቀት ብቻ ነው። ማኮብኮቢያው ሲያንሸራትት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎማው መሬቱን መያዝ ስለማይችል ፍሬኑ የተፈለገውን መጠን አያመጣም፤ በዚህ ጊዜ ሪቨርሱ የሚጨምረው እያንዳንዱ ግፊት ርቀቱን በቀጥታ ያሳጥራል፤ ምክንያቱም ሪቨርስ ሥራውን የሚሠራው በጎማና በመሬት መካከል ባለው ሰበቃ አይደለም።

በደረቅ ማኮብኮቢያ ላይ ለአውሮፕላን ፈቃድ ሲሰጥ የሚሰላው የማረፊያ ርቀት የሪቨርስን እገዛ አያካትትም፤ ለጄት መንገደኛ በረራ የሚጠየቀውም ይህ ርቀት ካለው ማኮብኮቢያ 60 በመቶ ውስጥ እንዲገባ ነው። ብዙ አብራሪዎች «ሪቨርስ ትርፍ ነው» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ይሁን እንጂ በበረራ ላይ ሳሉ ለእርጥብ ወይም ለበረዷማ ማኮብኮቢያ የሚሰሉት ርቀት ሪቨርስን ሊያካትት ስለሚችል፣ በሰንጠረዡ ወይም በታብሌቱ ላይ የትኛው እንደታሰበ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ዲሴምበር 8 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሚድዌይ በበረዶ ያረፈ የሳውዝዌስት 737 ስሌቱ ሪቨርስን ቆጥሮ ሳለ፣ ሪቨርሱ የተከፈተው መሬት ከነካ ከ18 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነበር። አውሮፕላኑ አጥሩን ጥሶ መንገድ ላይ ወጣ፤ መኪና ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃንም ሞተ።

የቁጠባ ደንብ ወደ ምን ሊያመራ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በባንኮክ የደረሰው ነው። የቃንታስ 747-400 በከባድ ዝናብ አርፎ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 220 ሜትር ያህል አልፎ ሄደ፤ ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ ፍላፕ 25ን (የክንፉን ተዘርጊ አካል ከሙሉው ባነሰ ደረጃ ማረፍን) እና አይድል ሪቨርስን የተለመደ አሠራር አድርጎ ነበር፤ ይህም በደረቅና ረጅም ማኮብኮቢያ ላይ ምንም ችግር የለበትም። በዚያች ሌሊት ግን አብራሪዎቹ የጀመሩትን ዳግም የመነሳት እርምጃ መሬት ላይ ሳሉ ሰርዘው፣ በግርግሩ መካከል ሪቨርሱን ጨርሶ ሳይከፍቱት ቀሩ፤ አለመከፈቱንም አላስተዋሉም። በእኔ እምነት የአይድል ሪቨርስ ደንብ ትልቁ ጉዳት የሚቀንሰው ግፊት አይደለም፤ እጅና ዓይን ሪቨርስን እንደ ዋና ነገር መጠበቅን እንዲረሱ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን ቁልቁል መውረድ ከመጀመርዎ በፊት፣ አብራሪዎች ስለ ማረፉ አስቀድመው በሚነጋገሩበት የአቀራረብ ገለጻ ውስጥ ይወስኑ። ማኮብኮቢያው ደረቅና ረጅም ከሆነ፣ የጅራት ነፋስም (ከኋላ የሚነፍስ) ከሌለ፣ አይድል ሪቨርስ በቂ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተሩን ያሳርፋል፣ በምሽት ድምፅን በሚገድቡ የአውሮፓ ማረፊያዎችም ተፈላጊ ነው። የማኮብኮቢያው ሁኔታ ኮድ (6 ደረቅ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መንሸራተቱ ይብሳል) ከ6 ወርዶ ከሆነ፣ ጅራት ነፋስ ካለ፣ ወይም የሚቀረው ርቀት ትንሽ ከሆነ፣ ሙሉ ሪቨርስ እንደሚጠቀሙ አስቀድመው ለባልደረባዎ ይንገሩ። ጥርጣሬ ካለ ሙሉውን ይምረጡ፤ መቀነስ ሁልጊዜ ይቻላል፣ ያለፈን ማኮብኮቢያ ግን መመለስ አይቻልም።

ለቦሌ አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ስለሆነ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት በመለኪያው 140 ኖት የሚያሳይ አውሮፕላን ያለ ነፋስ ከ160 ኖት በላይ በሆነ እውነተኛ ፍጥነት መሬት ይነካል። ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍሬኑ የሚጋፈጠው ጉልበት በባሕር ጠለል ካለው በሲሶ ያህል ይበልጣል። ማኮብኮቢያው ረጅም ስለሆነ የመቆሚያ ቦታ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ነው። ቶሎ ተመልሶ የሚነሳ በረራ ካለ ሪቨርሱን ከአይድል ከፍ ማድረግ ዲስክ ለመቆጠብ ሳይሆን ፍሬኑ ለሚቀጥለው መነሳት እንዲቀዘቅዝ ነው፤ ትኩስ ፍሬን ይዞ የተነሳ አውሮፕላን መነሳቱን ቢያቋርጥ የሚቆምበት በቂ አቅም ላይኖረው ይችላል።

በአፈጻጸሙ ላይ ዋና ጎማዎቹ እንደነኩ ሪቨርሱን ወዲያው ቢያንስ እስከ አይድል ይክፈቱ፤ ሪቨርስ ኃይሉ የሚበረታው በከፍተኛ ፍጥነት ስለሆነ፣ ዘግይቶ የተከፈተ ሪቨርስ ከጥቅሙ ጩኸቱ ይበልጣል። ረዳቱ አብራሪ ስፖይለሩ (ካረፉ በኋላ ክንፉ ላይ የሚነሳው ሳንቃ) መነሳቱን፣ ሪቨርሱም በሁለቱም ሞተሮች መከፈቱን ዓይቶ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ካልተከፈተም ይህንኑ ያለ ይሉኝታ ይናገር። ሪቨርስ ከተከፈተ በኋላ ዳግም መነሳት የለም፤ ማቆም ብቻ ነው። በቦይንግ 60፣ በኤርባስ 70 ኖት ገደማ ወደ አይድል መቀነስ ይጀምሩ፤ ከዚያ በታች ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየርና የማኮብኮቢያውን ጠጠር መልሶ ሊስብ ይችላል። ማቆሙ አጠራጣሪ ከሆነ ግን እስኪቆም ድረስ ሙሉውን ይያዙ።

አንድ ሪቨርስ እንዳይሠራ ተዘግቶ በሚበረርበት ቀን የሞተሮቹን ኃይል ስለሚቆጣጠሩት እጀታዎች አያያዝ በገለጻው ይነጋገሩ። ጁላይ 17 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በሳኦ ፓውሎ ኮንጎኛስ የታም ኤ320 አንድ ሪቨርሱ ተዘግቶ በእርጥብ ማኮብኮቢያ ሲያርፍ፣ የዚያው ሞተር እጀታ ወደ ኋላ ሳይመለስ በመቅረቱ 199 ሰዎች አልቀዋል። ሁለቱም እጀታዎች አይድል ላይ መድረሳቸውን በእጅ መዳፍ ይዳስሱ፣ በዓይንም ያረጋግጡ።

ቆመው በሩ ሲከፈት የፍሬን ሙቀት ማሳያውን ከሰሌዳው ላይ ያንብቡ፤ በአንድ ጎማና በሌሎቹ መካከል ያልተለመደ ልዩነት ካለ ቁጥሩን በቴክኒክ መዝገቡ ላይ ይጻፉት፣ ለመካኒኩም በቃል ይንገሩት።