አሮጌዋን አውቶማቲክ በብርድ ስናሞቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ያንቺስ ተነሣች?»

ጥር ላይ እዚህ ሚኒሶታ ሰላምታችን ይኸው ነው። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የሚጠየቀው የልጆች ጤና ሳይሆን የመኪና ነው። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ጠዋት በየዓመቱ አይጠፋም። አዲስ አበባ ኅዳር ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲሆን «ውርጭ ገደለን» ስንል የነበርን ሰዎች ነን እንግዲህ።

የኔዋ እ.ኤ.አ. የ2004 ቶዮታ ካምሪ ናት፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። ከ200 ሺህ ማይል በላይ ሮጣለች። ከታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን በእሷ ላይ ሠርቻቸዋለሁ። ይቅርታዋን አግኝቻለሁ መሰለኝ፣ ዛሬም ትነሣለች።

ቆማ እስክትሞቅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ

ይሄ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ልማድ ነው። አባቴ ላዳ ነበረው። ጠዋት ቾኩን ስቦ ያስነሣትና ቤት ገብቶ ቁርሱን በልቶ ነበር የሚወጣው። ለዚያ መኪና ልክ ነበር። ካርቡራተር ያለው ሞተር ሳይሞቅ ነዳጅና አየር በደንብ አይቀላቀልለትም። ልንዳህ ሲሉት ይንተፋተፍና ይጠፋል።

ካምሪዋ ግን ካርቡራተር የላትም። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ብርዱን በሴንሰር ያውቀዋል፣ ነዳጁንም ራሱ ይጨምራል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ በብዛት ይረጫል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ የሚጎትተው ነገር ስለሌለ ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። እኛ ደግሞ መኪናዋን የተንከባከብናት መስሎን በመስኮት እያየናት ሻያችንን እንጠጣለን።

ካምቢዮው፣ ማለትም ማርሽ የሚቀይረው ክፍል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ እምብዛም አይሞቅም። ፒ (መቆሚያው) ላይ ቆማ ፓምፑ ዘይቱን ያዞራል፤ ማርሾቹ ግን ጭነት የለባቸውም። የጎማው ኩሽኔታ፣ ሾኩ፣ ጎማው ራሱ ሌሊቱን እንደ ድንጋይ ደርቀው አድረዋል። እነሱ የሚሞቁት መኪናዋ ስትሄድ ብቻ ነው።

ስንት ይበቃል ታዲያ? ብርዱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ አንድ ደቂቃ። ከዜሮ በታች 20 ሲያልፍ እኔ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እሰጣታለሁ፤ ያን ጊዜ በረዶውን ከመስታወቱ እየፋቅሁ አሳልፈዋለሁ። አራቱም መስታወት ሳይጠራ አትነሡ። በመዳፍ በምታክል ቀዳዳ እያዩ የሚነዱ ሰዎች አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ ነው ዋናው ማሞቂያ። ነዳጁን ለስለስ አድርጎ መርገጥ፣ ከተቻለ ወዲያው ሃይዌይ አለመግባት፣ በሰፈር መንገድ ዞር ዞር ማለት።

እየጮኸች ዲ ማስገባት

በብርድ ስትነሣ ሞተሯ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይዞራል። ይሄ ጤናማ ነው። ጤናማ ያልሆነው በዚያ ጩኸት መሀል ዲ (ወደፊት መሄጃውን) ማስገባት ነው። «ዱብ!» የሚል ምት ትሰማላችሁ። ያ ምት በካምቢዮው ክላቾችና በሞተሩ ጎማ መቀመጫዎች ላይ ያርፋል። አዲስ መኪና ይችለው ይሆናል፤ ሃያ ዓመት ያለፋት አሮጊት ግን ትቆጥረዋለች።

የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ወደ 1,000 እስኪወርድ ጠብቁ። እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጉና አስገቡ። አሁንም ቶሎ አትርገጡ። የካምቢዮ ዘይት በዚህ ብርድ ስለሚወፍር ማርሹ የሚይዘው ዘግይቶ ነው። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ ስትል ወይም ወደፊት ገፋ ስትል ይሰማችኋል፤ «ይዣለሁ» ማለቷ ነው። ያን ሳትሰሙ ከረገጣችሁ ክላቹ ይንሸራተታል፣ ይበላል።

ወደ ኋላ ስትወጡም እንደዚያው። መኪናዋ ገና ወደ ኋላ እየተንከባለለች ከአር ወደ ዲ የሚያስገቡ አሉ። ፍሬን የተሠራው ለምን ሆነና?

ፒ ላይ አድርጎ «ቶሎ እንድትሞቅ» እያሉ ነዳጅ መርገጥን በተመለከተ አንድ ቃል፦ ተዉት።

ካምቢዮዋ ሞተች ብሎ መደንገጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣኝ ነበርና።

የመጀመሪያው ዊንተሬ ነው። አይ-94 ሃይዌይ ላይ በ55 ማይል እየነዳሁ የዙር ቆጣሪው 3 ሺህ አካባቢ ላይ ቆመ። በሞቃት ቀን በዚያ ፍጥነት 2 ሺህ ገደማ ነበር የሚያሳየው። ሞተሩ ይጮኻል፣ አራተኛው ማርሽ አልገባ ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ሰፈሩን አንዴ ዞሮባት መጣና «ካምቢዮው መቀየር አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ይበልጣል።

እዚህ ከተማ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደወልኩላቸው። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው።

«የሙቀቱ መርፌ የት ጋ ነው ያለችው?»

«ከታች ናት ጋሼ። የቅዝቃዜዋ ሲ አጠገብ።»

«ስንት ደቂቃ ነድተህ?»

«ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

«ሂተሩስ?»

«ለብ ያለ ነገር ነው የሚሰጠኝ።»

«በል ካምቢዮውን ተወው» አሉኝ። «ቴርሞስታቱን ቀይር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የሞተሩ ውሃ ለዘብ እስኪል ድረስ አራተኛውን ማርሽ፣ ማለትም ኦቨርድራይቩን፣ አይሰጡም። ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ነው የሚከለክለው፤ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ። ስለዚህ ጠዋት ላይ ለጥቂት ደቂቃ እየጮኸች ብትሄድ ብልሽት አይደለም። እየሞቀች ስትሄድ ራሷ ትቀይራለች።

የኔዋ ግን ጭራሽ አልሞቅ ያለችው ቴርሞስታቷ ተከፍቶ ስለቀረ ነው። ጤነኛው ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዳይቀዘቅዝ። ተከፍቶ ከቀረ በዚያ ብርድ ራዲያተሩ ሙቀቱን ሁሉ ይበላዋል። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ናት» ብሎ አራተኛውን ይከለክላል። ዕቃው ለሁለት ሰው ክትፎ ከሚከፈለው በታች ነው የወጣብኝ። በማግስቱ መርፌዋ መሀል ላይ ቆመች፣ አራተኛውም ገባ።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት እንግዲህ መርፌዋን እዩ። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቩ ጠፍቷል) የሚል መብራት በርቶ እንደሆነም እዩ። የማርሽ ዘንጉ ላይ ያለችው ቁልፍ በጓንት እጅ ሳይታወቅ ትነካለች።

የካምቢዮ ዘይትን በቀዝቃዛው ለክቶ መጨመር

ዘይት ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንሳል። ጠዋት ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያውን ዘንግ) ስባችሁ «ጎድሏል» ብላችሁ እስከ «ሆት» መስመር ድረስ ከሞላችሁ፣ ሲሞቅ ከልክ በላይ ይሆናል። የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየናጡት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። ማርሹ መንሸራተት የሚጀምረው ያኔ ነው። ጥሩ ልኬት የሚገኘው ከተነዳች በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ዘይቱም የመኪናዋ መጽሐፍ የሚለው ዓይነት ይሁን። ለኔዋ ቲ-4 የሚባለው ነው።

የሞተር ዘይትም ከአገር ቤት በመጣ ልማድ አይመረጥም። 20ደብሊው-50 አዲስ አበባ ላይ ደህና ነው፤ እዚህ ግን ጠዋት እንደ ማር ይሆናል። ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው፣ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። እኔ 5ደብሊው-30 ነው የማደርገው።

አልነሣ ስትል ና ግፋልኝ ማለት

አገር ቤት ባትሪ ሲደክም የሰፈር ልጅ ይጠራል፣ ይገፋል፣ ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ትነሣለች። አውቶማቲክ መኪና እንዲህ አትነሣም። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ የዘይት ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ጎማውና ሞተሩ አይገናኙም። አንድ ቀን አራት ሰው ሆነን በበረዶ ላይ አንድ ጓደኛችንን ስንገፋ ግማሽ መንገድ ሄደናል። ያተረፍነው ላብ ነው፣ ላቡም ወዲያው ቀዘቀዘ።

በዚህ ብርድ ባትሪ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ከማስነሣታችሁ በፊት ሂተሩን፣ ሬዲዮኑን፣ መብራቱን አጥፉ። ሞተሪኖውን ከአሥር ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ ትንሽ አሳርፉትና ድገሙ። ካልሆነ ኬብል ያለው ሰው ፈልጉ።

በየዓመቱ የምትቸገሩ ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሰካ የሞተር ማሞቂያ አስገጥሙ። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም፤ ከመነሣታችሁ ሦስትና አራት ሰዓት በፊት እንዲበራ ሰዓት መቁጠሪያ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ጋራዥ ውስጥ ማሞቅ

ይሄ ስለ መኪና ብቻ አይደለም። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አድሮ ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሁላችንም እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምተናል። የጋራዡን በር መክፈት አይበቃም። ጋራዡ ከቤት ጋር ከተያያዘ ጭሱ ልጆቹ የተኙበት ክፍል ድረስ ይገባል። አስነሥታችሁ ወዲያው አውጧት።

ውጭ ያደረች መኪናም ብትሆን ማርሚታዋ በበረዶ ተደፍኖ እንዳይሆን ከኋላ ዞራችሁ እዩ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው። እኔ ከመፋቂያው በፊት አካፋውን ይዤ ወደ ኋላ ነው የምሄደው።

ቁልፉን ውስጥ ትታችሁ ወደ ቤት አትግቡ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ያስቀጣል፤ ሌባውም እንደ እናንተ ጠዋት ነው የሚነሣው።

የፈላ ውሃ መስታወት ላይ ማፍሰስ ደግሞ አለ። ይሰነጠቃል። ጨርሻለሁ።

በረዶ ውስጥ ስትያዝ ዲ-አር፣ ዲ-አር ማለት

ሞቀች፣ ወጣች፣ ጫፍ ላይ በረዶው ያዛት። ሰው ይቸኩላል። ዲ ያስገባል፣ ይረግጣል፣ አር ያስገባል፣ ይረግጣል። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ በረዶውም ወደ መስተዋት ይለወጣል። ቅድም ቀዝቃዛ የነበረው የካምቢዮ ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ከልክ በላይ ይግላል። ብዙ አሮጌ ካምቢዮ የሚሞተው ሃይዌይ ላይ ሳይሆን እዚችው የቤት ደጃፍ ላይ ነው።

እግራችሁን አንሡና ውረዱ። ከጎማው ፊትና ኋላ በረዶውን አውጡ፣ አሸዋ በትኑ፣ ከዚያ እንደ እንቁላል በቀስታ ረገጥ። አሸዋ ከሌለ ድመት የምትጸዳዳበት፣ በከረጢት የሚሸጠው የድመት አሸዋ ይሆናል። ድመት የለኝም፤ ከመኪናዬ ኋላ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት አንድ ከረጢት አይጠፋም።