ባቲን ካርታ ላይ ለማስገባት

የስዊድን ሕዝብ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። በስዊድንኛ ዊኪፒዲያ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን የአማርኛው 15 ሺህ አካባቢ ነው። በርግጥ የስዊድኑን ብዙውን የጻፈው ኮምፒውተር ነው። ቢሆንም የፈለገ ሰው ያገኘዋል። የኢንተርኔት ዋጋና የመብራት ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የሚታየው አገር የተጻፈለትና ፎቶ የተነሳለት ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። ላሊበላ አታሳስበኝም፤ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፣ ቱሪስቱ ፎቶዋን ሲለጥፍ ይውላል። እኔን የሚቆጨኝ እዚሁ ወሎ ያለችው የባቲ ከተማ ሰኞ ገበያ ነው። እሱም እንዲታይ እንዲህ አድርጉ።

ዋይፋይ ስታገኙ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የስልክ ካርታ መተግበሪያ ከነኢትዮጵያ ካርታው አውርዱ። ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ። መተግበሪያው ካርታውን በሚወስድበት፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ነጻ ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ክፈቱ። ባቲ ስትወርዱ ቦታው ላይ ቆማችሁ መተግበሪያው ውስጥ ቦታ መጨመሪያውን ንኩ። ገበያ ይሁን መስጊድ ወይም ቦኖ፣ ዓይነቱን ምረጡ። ስሙን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ጻፉ። ኔትወርክ ሲመለስ ይላካል። ከጎግል ካርታ ግን አትገልብጡ፣ ይሰረዝባችኋል።

ፎቶ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የካሜራውን ሎኬሽን አብሩና ራሳችሁ አንሱ። ሰው ካለበት አስፈቅዱ፦ «አባባ፣ ከግመልዎ ጋር ላንሳዎት?» ከዚያ የዊኪፒዲያ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ጫኑት። በቴሌግራም የተላከላችሁን አትጫኑ። ቴሌግራም ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትን ቀንና ቦታም ያጠፋዋል። ኮመንስ ላይ የሚያጣሩት ሰዎች ያን ሲያዩ «ከየት ተሰርቆ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ለፋይሉም ስም ስጡት፦ «ባቲ፣ የሰኞ ገበያ፣ ግመል ተራ»። በቁጥር ብቻ የተሰየመ ፎቶ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። አንዴ ከጫናችሁ ማንም ሰው፣ ነጋዴም ጭምር፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ የሠርግ ፎቶ አይሆንም።

ዊኪፒዲያ ላይ አራት መስመር ይበቃል፤ የእያንዳንዱን ምንጭ አስቀምጡ። እዚያ ጽሑፍ የሚያርሙት ሰዎች ሙገሳ አይወዱም። የወሎ ልጅ ስለ ወሎ ሲጽፍ እጁን መያዝ እንደሚከብደው አውቃለሁ፣ ግን «ውቢቷ ባቲ» ካላችሁ ይሰርዙታል። ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ከየት ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚሸጥ ጻፉ። እንግሊዝኛው ላይ ስለ ባቲ ገጽ ካለ ከአማርኛው ጋር አያይዙት።

ግመል ተራውን እኔ አስገብቼዋለሁ። እህል ተራውን እዚያው የምትኖሩ ብታስገቡት ይሻላል፤ እኔ መግቢያ መውጫውን በደንብ አላውቀውም።