የትንሽ አፈር ግድብ የአደጋ ደረጃ እንዴት ይታወቃል?

ጎርፍ ለመከላከል የተሠራ ትንሽ የአፈር ግድብ ብዙ ጊዜ ግድብም አይመስልም። ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። በበጋ ከኋላው ጠብታ ውሃ ላይኖር ይችላል። ሥራው ዶፍ ሲወርድ ጎርፉን ይዞ በቱቦ ቀስ እያለ መልቀቅ ነው።

የአደጋ ደረጃው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቢፈርስ ማን ይጎዳል? ስለ ጥንካሬው ምንም አይናገርም። ዘንድሮ ተሠርቶ ያለቀ፣ እንከን የማይወጣለት ግድብ "ከፍተኛ" ሊባል ይችላል። ሰው የማይኖርበት ቦታ ያለ የተሰነጣጠቀ ግድብ ደግሞ "ዝቅተኛ" ነው።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ ከግድቡ ግርጌ ውሃው የሚወርድበትን ሸለቆ ተከተሉ። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ የውሃ መስመር ስታገኙ ምልክት አድርጉ። ሰው የሚያድርበትን ለይታችሁ ያዙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1977 በአሜሪካ ጆርጂያ ኬሊ ባርንስ የተባለው የአፈር ግድብ ሌሊት ፈርሶ 39 ሰው ገድሏል። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከሥሩ የኮሌጅ ግቢ ነበረ።

ቀጥሎ ደረጃውን ገምቱ። በአሜሪካ አሠራር ሰው ሊሞት ይችላል ከተባለ "ከፍተኛ" ነው፤ አንድ ሰውም ቢሆን። ሕይወት ሳይጠፋ መንገድ ወይም የውሃና የመብራት አገልግሎት የሚቋረጥ ከሆነ መካከለኛ ይባላል። ጉዳቱ ከባለቤቱ መሬት እምብዛም ካላለፈ ዝቅተኛ ነው። ስሌቱን መሐንዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግን የግድብ ደህንነትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው።

አሁን ወደ ግድቡ ውጡ። ውሃ በማይጠራቀምበት፣ ወደ ታች በሚያየው ጎን፣ ግርጌውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ረግረግ ያለ ቦታ ወይም ከዙሪያው በተለየ የለመለመ ሣር ካለ ውሃ እየሰረገ ሊሆን ይችላል። ውሃውን በጠርሙስ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ጥርት ካለ መጠኑን መዝግባችሁ እየተመላለሳችሁ እዩት። ድፍርስ ከሆነ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ እየጠረገ ሊሆን ይችላል። ዛፍም አይብቀልበት። ዛፍ እወዳለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አይሆንም። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የአይጥና የሌላ አውሬ ጉድጓድም ያው ነው።

የቱቦው አፍ በቆሻሻ እንዳይደፈን፣ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻውም በአጥር ወይም በአፈር ክምር እንዳይዘጋ ተመልከቱ። ውሃ አናቱን ካለፈ የአፈር ግድብ ብዙም አይቆይም።

ከታች አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር ደረጃውን እንደገና እዩት። ግድቡ ስላለ መሬቱ ደህና ይመስላል፤ ሰውም ይሠራበታል። ከፍተኛ ከሆነ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ሰዉ በየት በኩል እንደሚወጣ አስቀድሞ ይጻፍ። ድፍርስ ውሃ እየጨመረ ካያችሁ መጀመሪያ ከግርጌው ራቁ። ከዚያ ለድንገተኛ አደጋና ከታች ላሉት ደውሉ፤ ፎቶ ማንሳቱ ይቆይ።