ዳንቴል ለጀማሪ፦ ከክር ምርጫ እስከ ሲኒ ማስቀመጫ

ጎጃም ውስጥ ዳንቴል መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ቤት ባገኘው ቀጭን ነጭ ክር ይጀምራል፤ የሶፋ ልብስ የሚሠራው በዚያ ነውና። ለጀማሪ ግን ከዚህ የከፋ ክር የለም። ቀለበቶቹ ለዓይን አይለዩም፣ የት እንደተሳሳቱም አይታወቅም። ወፈር ያለ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ የሹራብ ክርና ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ ኪሮሽ (ጫፉ ቆልመም ያለ የዳንቴል መርፌ) ግዙ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ላይ ተጽፏል።

ቤት የተፈተለ ጥጥስ? ይሆናል፤ ማግ (በሽመና ጊዜ በድሩ መሃል የሚተላለፈው ክር) ግን አይሁን። ማግ ላላ ተደርጎ ስለሚፈተል ኪሮሹ ሲስበው ይለያያል፣ ይበጠሳል። ድሩን ሦስት አራት አድርጋችሁ ደርቡና ከተፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ በእንዝርት አክሩት።

ከክሩ ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ያህል ትታችሁ ተንሸራታች ቋጠሮ ሥሩና ኪሮሹን አስገቡበት። ክሩን በግራ ትንሿ ጣት ዙሪያ አዙራችሁ በሌባ ጣት ላይ አሳልፉት፤ እኩል እንዲላላና እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይህ አያያዝ ነው። ከዚያ ክሩን በኪሮሹ ላይ ጣል አድርጋችሁ በቀለበቱ ውስጥ ሳቡት። አንድ ሰንሰለት ወጣ። እንዲህ 21 ሥሩ፤ ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም።

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ያጠብቃል። ቀለበቱ በኪሮሹ ቀጭን አንገት ላይ ከቀረ ጠቦ ይቀራል፤ ወደ ወፍራሙ ግንድ ገፋ አድርጉት። ሰንሰለቱ ከጠበቀ ቀጣዩ መስመር ኪሮሽ አያስገባም፣ የሥራው ግርጌም ይጎብጣል። እጃችሁ እስኪላላ ድረስ ሰንሰለቱን ብቻ በአንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ሥሩት።

ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ አስገቡ፣ ክር ስባችሁ አውጡ፤ ሁለት ቀለበት ይሆናል። ክር ጣሉና በሁለቱም ውስጥ አንድ ጊዜ ሳቡ፤ አንድ ስፌት ወጣ። በቀሪዎቹ ሰንሰለቶች ላይም አንድ አንድ ስፌት ሥሩ። መስመሩ ሲያልቅ 20 ስፌት ይሆናል። አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ገልብጡና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ቀጥሉ። በየመስመሩ ቁጠሩ፦ 19 ከሆነ የመጨረሻዋን ዘላችኋል ማለት ነው። ሥራው እየጠበበ ሦስት ማዕዘን የሚሆነው በዚህ ነው። የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ብታደርጉ አትስቱም። ከተሳሳታችሁም ተርትሩት፤ ክሩ አይጎዳም።

አራት ማዕዘኑ ቀጥ ካለ ወደ ሲኒ ማስቀመጫ እለፉ። እንደ ሰፌድ ከመሃል ይጀመራል። ሁለት ሰንሰለት ሥሩና የመጀመሪያዋ ላይ 6 ስፌት ሥሩ። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12። በሦስተኛው በአንዷ ላይ አንድ፣ በቀጣይዋ ላይ ሁለት ስፌት እያላችሁ 18። ከዚያ በየዙሩ 6 ጨምሩ፦ 24፣ 30፣ 36። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ የጨመራችሁት አንሷል፤ ከተጨማደደ በዝቷል። የጨመራችሁበትን ቦታ በየዙሩ ትንሽ አፈናቅሉት፤ ካልሆነ ክቡ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ዙር ይበቃል።

ሲጨርሱ 15 ሴንቲሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፣ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ። ጫፉን ቆርጦ መተው አይገባም፤ ሲታጠብ ይፈታል። ዓይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ በጀርባው በኩል 5 ሴንቲሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ይመላልሱት። አርጥበው፣ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ዙሪያውን በስፒል ወጥረው ያድርቁት። የጥጥ ክር ካውያ ይችላል፤ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ከሆነ ግን ካውያ አያስነኩት፣ ይቀልጣል።